ሶፋውን ከመጫናችሁ በፊት፦ ያገለገለ የቤት ዕቃ ሰጥቶ ከአሜሪካ ታክስ ላይ ማስቀነስ

በየዓመቱ ማርች ላይ አንድ ዓይነት ፌስታል ጠረጴዛዬ ላይ ይቀመጣል። ውስጡ ያገለገለ ዕቃ ከሚቀበሉት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ ከጉድዊልና ከሳልቬሽን አርሚ፣ የተሰጡ የተጨማደዱ ወረቀቶች አሉ። ቀን አላቸው፣ አድራሻ አላቸው። የዕቃው ዝርዝር የሚሞላበት ቦታ ግን ነጭ ነው። የፌስታሉ ባለቤት ወንበሩን ሳብ አድርጎ ይቀመጥና "እስከ 500 ዶላር አይጠይቁም ይባላል አይደል? በቃ 500 በለው" ይለኛል።

ይባላል። እውነት ግን አይደለም። 500 ዶላር ተጨማሪ ፎርም መሙላት የሚጀመርበት መስመር ነው እንጂ ያለ ማስረጃ የሚታለፍበት በር አይደለም። እኔም ብሆን አልፎብኛል። አፓርታማ ስንቀይር ሙሉ ሳሎን ሰጥቼ፣ ባዶ ወረቀት ኪሴ ከትቼ ተመለስኩ። ታክስ ልሠራ ስቀመጥ ምን ምን እንደሰጠን ባለቤቴን ጠየቅኋት። "የትኞቹን ወንበሮች?" አለችኝ። ሳንቲም ሳላስቀንስ ቀረሁ።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ከታክስ ፎርሙ አይጀምርም። ዕቃው መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት ይጀምራል። የማወራው ስለ ፌዴራል ታክስ ነው፤ የስቴት ሕግ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ደረጃ 1፦ ይጠቅማችሁ እንደሆነ አስሉ

ይህን ደረጃ ማንም አይወደውም። ብዙ ሰው እዚሁ ላይ ስለሚቆም ነው።

መንግሥት ለእያንዳንዱ ታክስ ከፋይ ያለ ምንም ማስረጃ የሚቀንስለት መጠን አለ። ስታንዳርድ ዲደክሽን የሚባለው ነው። ለ2025 ገቢ ላላገባ 15,750 ዶላር፣ አብረው ለሚሞሉ ባልና ሚስት 31,500፣ የቤተሰብ ኃላፊ ሆኖ ለሚሞላ 23,625 ነው። ለ2026 ደግሞ 16,100፣ 32,200 እና 24,150 ሆኗል። የሰጣችሁት ዕቃ ዋጋ የሚቆጠረው ይህን ትታችሁ ወጪዎቻችሁን አንድ በአንድ ስትዘረዝሩ ብቻ ነው። አይተማይዝ ማድረግ ማለት ይኸው ነው። ዝርዝሩም ስኬጁል ኤ በሚባለው ፎርም ላይ ይሰፍራል።

ሁለት ሰዎች እንውሰድ። የመጀመሪያው ብቻውን ነው፣ ቤት ተከራይቶ ይኖራል፣ ኡበር ይነዳል። በዓመቱ 700 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ሰጠ። የሚዘረዝረው የቤት ብድር ወለድ የለውም፤ የስቴት ታክሱና ስጦታው ተደምሮ 15,750 አጠገብ አይደርስም። ስጦታው ታክሱን በአንድ ዶላር አይቀንስለትም። አንዳንዱ ታዲያ "ከኡበር ወጪዬ ጋር ደባልቀው" ይላል። አይሆንም። የግል ስጦታ የሥራ ወጪ አይደለም፣ የግል ሥራ ገቢና ወጪ በሚሞላበት ስኬጁል ሲ ላይ ቦታ የለውም።

ሁለተኛዎቹ ሜሪላንድ ውስጥ ቤት የገዙ ባልና ሚስት ናቸው። የዓመት ገቢያቸው 140,000 ዶላር ነው። የሞርጌጅ ወለድ 19,000፣ የስቴትና የቤት ታክስ 14,500፣ ለቤተ ክርስቲያን በቼክ የሰጡት 2,400። ድምሩ 35,900 ነው፤ 31,500ን አልፏል። ከዚህ በላይ የሚሰጡት እያንዳንዱ ዕቃ ለእነሱ ዋጋ አለው። ቆይተን የምናየው የ710 ዶላር ዕቃ በገቢያቸው ልክ በሚደርስባቸው የ22 በመቶ የታክስ መጠን ሲሰላ 156 ዶላር ያህል ታክስ ይቀንስላቸዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። 710 ዶላር ሰጥታችሁ 710 ዶላር አይመለስላችሁም። የሚቀነሰው ታክስ ከሚሰላበት ገቢ ላይ ነው፤ ከታክሱ ላይ አይደለም።

ከ2026 ጀምሮ ሁለት ነገር ተለውጧል። አይተማይዝ የማያደርግ ሰውም እስከ 1,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት እስከ 2,000 ዶላር ስጦታ ማስቀነስ ይችላሉ። ደስ ይላል፤ ግን ለጥሬ ገንዘብ፣ ለቼክና ለካርድ ስጦታ ብቻ ነው። ሶፋ አይገባበትም። ሁለተኛው ለውጥ አይተማይዝ የሚያደርጉትን ይመለከታል። ከስጦታቸው ላይ የገቢያቸው 0.5 በመቶ አይቆጠርም። ለእነዚያ ባልና ሚስት ይህ 700 ዶላር ነው። በ2026 2,400 በቼክ፣ 710 በዕቃ ቢሰጡ ከ3,110ው የሚቆጠርላቸው 2,410 ነው።

ታክሱ ካልጠቀማችሁ ዕቃውን ለማንም ስጡ፤ ለጎረቤት፣ ትናንት ለመጣ ዘመድ፣ ደስ ላላችሁ። ከዚህ በታች ያለውን ማንበብ የሚያስፈልጋችሁ አይተማይዝ የምታደርጉ ከሆነ ነው።

ደረጃ 2፦ የሚቀበለው ማን እንደሆነ አጣሩ

ሕጉ የሚያውቀው የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅትን ነው። ሰውን አያውቅም። ከአገር ቤት ገና ለገባ ቤተሰብ አልጋና ፍራሽ ብትሰጡ ጽድቅ ነው፣ ታክስ ላይ ግን አይቆጠርም። በእድር ወይም በማኅበር በኩል "ለእነ እገሌ ይድረስልን" ብላችሁ ብትሰጡም ያው ነው። ስጦታው ለአንድ ተለይቶ ለታወቀ ሰው ከሆነ በመሀል ድርጅት መግባቱ አያድነውም።

ወደ አገር ቤት የሚላከውም እንዲሁ ነው። ሁለት ሻንጣ ልብስ ይዛችሁ አዲስ አበባ ለሚገኝ የሕፃናት ማሳደጊያ በእጃችሁ ብትሰጡ አይቀነስም፤ ተቀባዩ የአሜሪካ ድርጅት አይደለምና። እዚህ አሜሪካ የተመዘገበ ድርጅት ተቀብሎ፣ የት እንደሚሄድ ራሱ ወስኖ ከላከው ግን ይቀነሳል። ልዩነቱ ውሳኔው በማን እጅ ነው የሚለው ነው።

ድርጅቱን በአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት፣ በአይ አር ኤስ፣ ድረ ገጽ ላይ ባለው የድርጅቶች መፈለጊያ በነፃ ማየት ይቻላል። ስሙን ጻፉና ፈልጉ። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ዝርዝሩ ውስጥ ባይገኙም መስፈርቱን እስካሟሉ ድረስ ይሠራሉ፤ መመዝገብ አይገደዱም። የማኅበር ጉዳይ ግን ይለያል። ሦስት ዓመት በተከታታይ ዓመታዊ ሪፖርት ያላስገባ ማኅበር ፈቃዱ በራሱ ጊዜ ይሰረዛል። አንዳንዱ መሪ ይህን የሚያውቀው አባላቱ ሪሲት ሲጠይቁት ነው። ማኅበራችሁን አንድ ቀን ፈልጉት፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ደረጃ 3፦ የሚቆጠረውን ከማይቆጠረው ለዩ

ከኦገስት 17 ቀን 2006 ወዲህ የተሰጠ ልብስና የቤት ዕቃ "በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ" መሆን አለበት። ሕጉ ዝርዝር መለኪያ አላስቀመጠም። የእኔ መለኪያ ይሄ ነው፦ ይህን ዕቃ ለአማቴ ሳላፍር እሰጣታለሁ? የተቀደደ ሶፋ፣ የማይበራ ቴሌቪዥን፣ ክዳኑ የጠፋ ድስት፣ ቡና የፈሰሰበት ምንጣፍ ከታክስ አንፃር ዋጋቸው ዜሮ ነው። ጉድዊል ስለተቀበላችሁ ብቻ ዋጋ አያገኙም።

አንድ ቀዳዳ አለ። አንድ ዕቃ ብቻውን ከ500 ዶላር በላይ የሚያወጣ ከሆነና ብቁ ገማች በጽሑፍ ከገመተው፣ ጥሩ ሁኔታ ላይ ባይሆንም ሊቀነስ ይችላል። በተራ የቤት ዕቃ ላይ ይህ እምብዛም አይገጥምም።

የቤት ዕቃ የሚባለው ፈርኒቸር፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ፣ የወጥ ቤት ማሽን፣ አንሶላና ብርድ ልብስ፣ ይህን የመሰለው ሁሉ ነው። ወርቅ፣ ሥዕል፣ ጥንታዊ ዕቃና የሳንቲም ስብስብ እዚህ ውስጥ አይገቡም፤ የራሳቸው ደንብ አላቸው። መኪናም ሌላ ዓለም ነው፣ የራሱ ፎርም አለው።

ደረጃ 4፦ ዝርዝሩን ቤት ውስጥ ጻፉ፣ ፎቶ አንሡ

የዚህ ሁሉ ልፋት ልብ ይህ ነው። ዕቃው ገና ሳሎን ውስጥ ተደርድሮ ሳለ ስልካችሁን አውጡ። ትልልቁን አንድ በአንድ፣ ልብሱን አልጋ ላይ ዘርግታችሁ በቡድን አንሡ። የምርቱ ስም የሚታይበትን ቦታ ቀረብ ብላችሁ አንሡ። ማሽን ከሆነ ሲሠራ አሳዩ፤ ማይክሮዌቩ ሲበራ የተነሣ አንድ ፎቶ ከብዙ ክርክር ያድናል።

ዝርዝሩ ላይ "ሦስት ጆንያ ልብስ" ብላችሁ አትጻፉ። ጆንያ ዋጋ የለውም። "የልጆች ልብስ 30 ፍሬ፣ ከ4 እስከ 6 ዓመት፣ ንጹሕ፤ የክረምት ካፖርት 3፣ የአዋቂ" ብላችሁ ጻፉ። ለእያንዳንዱ ስንት እንደተገዛና መቼ እንደተገዛ በግምትም ቢሆን አስቀምጡ። ሁለት ቀን አትፈጁበት፤ በአንድ ማክያቶ ያልቃል።

ስለ ምጣድ አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ መጀመሪያ የተሠራው ለኖርዌይ ቂጣ ነው። የመጋዘኑ ሠራተኛ ይህን አያውቅም፤ "ትልቅ ፓንኬክ መጋገሪያ" ብሎ ሊጽፍላችሁ ይችላል። የዕቃውን ትክክለኛ ስም ከሳጥኑ ላይ ገልብጣችሁ ዝርዝራችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ዋጋው ስሙን ተከትሎ ይመጣል።

ደረጃ 5፦ ዋጋውን ተምኑ

የሚቆጠረው ተገቢ የገበያ ዋጋ ነው። አንድም ሳይገደድ፣ ስለ ዕቃው እያወቀ የሚገዛ ሰው ለሚሸጥ ሰው ያገለገለውን ዕቃ ዛሬ በስንት ይገዛዋል? የገዛችሁበት ዋጋ አይደለም። አዲሱን ለመተካት የሚያስፈልገውም አይደለም። ይህ ሰውን ያበሳጫል። "1,400 ዶላር የገዛሁት ሶፋ እንዴት 180 ይሆናል?" ይባላል። ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ውስጥ እሱን የመሰለ በ180 ተለጥፎ ከሆነ 180 ነው።

ዋጋ የምወስደው ከሦስት ቦታ ነው። አንደኛ፣ አካባቢያችሁ ያለው ያገለገለ ዕቃ መሸጫ፤ ዕቃ ልትጥሉ ስትሄዱ ዞር ዞር ብላችሁ የዋጋ ወረቀቱን ፎቶ አንሡ። ሁለተኛ፣ ጉድዊልና ሳልቬሽን አርሚ ራሳቸው የሚያወጡት የዋጋ መመሪያ። መነሻና ጣሪያ ይሰጣል፤ ጣሪያውን የምትወስዱት ዕቃው እንደ አዲስ ከሆነ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ኢቤይ ላይ ያለቀለት ሽያጭ። የተጠየቀው ዋጋ ሳይሆን የተሸጠበት። ፌስቡክ ላይ 600 ብሎ የለጠፈ ሰው ሦስት ወር ቁጭ ብሎ ይሆናል።

የእነዚያ ባልና ሚስት ዝርዝር እንዲህ ሆነ፦ ሶፋ 180፣ የምግብ ጠረጴዛ ከስድስት ወንበር ጋር 220፣ ቴሌቪዥን 60፣ ማይክሮዌቭ 25፣ የልጆች ልብስ 30 ፍሬ በ4 ዶላር 120፣ ካፖርት 3 በ20 ዶላር 60፣ ሳህንና ድስት 45። ድምር 710 ዶላር። እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ አጠገቡ ተጽፏል። ፎቶው አብሮ አለ። ይህን የመሰለ ፋይል ይዤ ኦዲት አልፈራም።

ደረጃ 6፦ ወረቀቱን እዚያው ተቀበሉ

በወረቀት በኩል አራት ቁጥር ያዙ፦ 250፣ 500፣ 5,000 እና 60።

ከ250 ዶላር በታች ለሆነ ስጦታ የድርጅቱ ስም፣ ቀንና ቦታ፣ የዕቃው መግለጫ ያለበት ሪሲት ይበቃል። በአንድ ጊዜ የሰጣችሁት 250 ዶላር ከደረሰ ወይም ካለፈ ግን ሪሲቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመርበታል፦ ድርጅቱ በምትኩ ዕቃ ወይም አገልግሎት ሰጥቷችኋል ወይስ አልሰጣችሁም? "ምንም አልሰጠንም" የሚለው ተጽፎ መገኘት አለበት። ቀልድ ይመስላል፣ ግን ይህች ዓረፍተ ነገር ጎድላ ስጦታ ሙሉ በሙሉ ውድቅ ይሆናል። ይህ ወረቀት ታክሳችሁን ከማስገባታችሁ በፊት በእጃችሁ መሆን አለበት፤ የማስገቢያው ቀን፣ ከተራዘመም የተራዘመው ቀን፣ ካለፈ በኋላ ለምናችሁ ብታመጡት አይጠቅምም። 710 ዶላሩ በአንድ ጉዞ የተሰጠ ስለሆነ ባልና ሚስቱ ይህን ይፈልጋሉ።

ሠራተኛው ባዶ ወረቀት ከሰጣችሁ እዚያው መኪናው ላይ ተደግፋችሁ ሙሉት። ቤት ያዘጋጃችሁትን ዝርዝር በሁለት ቅጂ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ፈርሙልኝ ወይም ማኅተም አድርጉልኝ ማለት ይቻላል። ዋጋውን እነሱ አይጽፉም፤ ዋጋ መተመን የሰጪው ሥራ ነው።

የዓመቱ የዕቃ ስጦታ ድምር ከ500 ዶላር ሲያልፍ የዕቃ ስጦታ የሚዘረዘርበት ፎርም 8283 ይመጣል። የአንድ ዕቃ ወይም የተመሳሳይ ዕቃዎች ድምር ከ5,000 ሲያልፍ ደግሞ የገማች ግምት ያስፈልጋል፤ ግምቱ ከስጦታው ቀን በፊት ከ60 ቀን በላይ ቀድሞ የተሠራ መሆን የለበትም። እዚህ ጋ ብልጥ ነን የሚሉ ሰዎች ይወድቃሉ። "ትንሽ ትንሽ አድርጌ ብሰጥስ?" ይላሉ። የአሜሪካ የታክስ ፍርድ ቤት በ2023 ያየው ጉዳይ አለ። አንድ ሰው በ2017 ብቻ ወደ ጉድዊልና ሳልቬሽን አርሚ 173 ጊዜ ተመላልሶ ነበር። ሪሲት ነበረው። ፍርድ ቤቱ ግን ተመሳሳይ ዕቃዎቹን በዓመት ደመራቸው፤ ከ5,000 አለፉ፤ ገማች አልነበረም፤ ቅናሹ ቀረ። ልብስ ከልብስ ጋር ይደመራል፣ ለተለያየ ድርጅት ብትሰጡም።

ደረጃ 7፦ ፎርሙ ላይ አስፍሩ

ሥራው ካለቀ በኋላ ይሄ ቀላል ነው። ፎርም 8283 ክፍል ኤ ላይ የድርጅቱን ስምና አድራሻ፣ የዕቃውን መግለጫና ሁኔታ፣ የሰጣችሁበትን ቀን፣ የገበያ ዋጋውን እና በምን ዘዴ እንደተመናችሁ ታሰፍራላችሁ። ዘዴው "ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ዋጋ" ነው። የተጠየቀው ቅናሽ 500 ወይም ከዚያ በታች ለሆነ ዕቃ መቼና በስንት እንደገዛችሁት የሚጠይቁትን ዓምዶች ባዶ መተው ይቻላል። ከዚያ ድምሩ ስኬጁል ኤ ላይ፣ ከጥሬ ገንዘብ ስጦታ ቀጥሎ ባለው መስመር ይገባል።

ለሕዝባዊ በጎ አድራጎት የተሰጠ እንዲህ ያለ ዕቃ በአንድ ዓመት እስከ ገቢያችሁ ግማሽ ይቆጠራል፣ የተረፈው አምስት ዓመት ድረስ ይተላለፋል። በቤት ዕቃ እዚያ የሚደርስ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ወረቀቱንና ፎቶውን ታክሱን ካስገባችሁበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ ሦስት ዓመት አስቀምጡ። በቸልተኝነት የተጋነነ ቅናሽ ሲገኝ ከቀረው ታክስ ሌላ 20 በመቶ ቅጣት ሊጨመር ይችላል።

ለተቀባዩ ሒሳብ ያዥ

ይህ ለማኅበር ገንዘብ ያዦችና ለቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ ነው። ብዙ ጊዜ ዕቃ ይገባል፣ ዕቃ ይወጣል፣ መዝገቡ ላይ ግን ምንም የለም። ገንዘብ አይደለማ!

የአሜሪካ የሒሳብ ደንብ የሚለው ሌላ ነው። በዓይነት የመጣ ስጦታ በተቀበላችሁበት ቀን በገበያ ዋጋው ገቢ ሆኖ ይመዘገባል። 710 ዶላሩ ሲገባ የዕቃ ክምችት 710 ዴቢት፣ የዓይነት ስጦታ ገቢ 710 ክሬዲት። ለአዲስ ገቢ ቤተሰብ ሲታደል የፕሮግራም ወጪ 710 ዴቢት፣ ክምችት 710 ክሬዲት። በባዛር ከተሸጠ ደግሞ ገንዘቡ በሽያጭ ገቢ ይገባል፣ ክምችቱ ወደ ተሸጠ ዕቃ ወጪ ይዞራል። ተሰባብሮ የመጣና የሚጣል ዕቃ በዜሮ ነው፤ አትመዝግቡት። የራሳችሁን ዋጋ ራሳችሁ ተምኑ፤ ሰጪው ለታክሱ የጻፈው ቁጥር እናንተን አያስገድድም።

ከጁን 15 ቀን 2021 በኋላ ለጀመሩ የሒሳብ ዓመታት የዓይነት ስጦታ በገቢ መግለጫው ላይ ከጥሬ ገንዘቡ ተለይቶ፣ በራሱ መስመር መታየት አለበት። በተጨማሪም ዕቃው ተሸጠ ወይስ ሥራ ላይ ዋለ፣ ዋጋው በምን ተተመነ የሚለው በማብራሪያ ይጻፋል። ሙሉውን ዓመታዊ ሪፖርት፣ ፎርም 990ን፣ የሚያስገባ ማኅበር የዓመቱ የዓይነት ስጦታ ከ25,000 ዶላር ካለፈ ስኬጁል ኤም የሚባለውን አባሪ ይጨምራል። የዓመት ገቢው በተለምዶ ከ50,000 የማያልፍ ማኅበር አጭሩን የኤሌክትሮኒክ ፎርም ማስገባት ይበቃዋል፤ እሱን ግን እንዳይረሳ። ቤተ ክርስቲያን 990 አታስገባም።

ሪሲት ስትሰጡ የድርጅቱን ስም፣ ቀኑን፣ የዕቃውን መግለጫ ጻፉ፤ ዋጋ አትጻፉ። "በምትኩ የተሰጠ ዕቃም ሆነ አገልግሎት የለም" የምትለውን ዓረፍተ ነገር በሪሲት ጥራዛችሁ ላይ አሳትሟት፣ በየጊዜው ከመጻፍ ትገላገላላችሁ። ቤተ ክርስቲያን ከሆነ "ከመንፈሳዊ ጥቅም በቀር" ተብሎ ይታከላል። ከ5,000 ዶላር በላይ ለሆነ ዕቃ የሰጪውን ፎርም 8283 ከፈረማችሁና ያንን ዕቃ በሦስት ዓመት ውስጥ ከሸጣችሁት ደግሞ በ125 ቀን ውስጥ ሽያጩን የሚያሳውቀው ፎርም 8282 ለአይ አር ኤስ ይገባል፤ አንድ ቅጂ ለሰጪው ይላካል።